የፈረስ ጉልበትና የእምነት ጉልበት

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአዊ ፈረሰኞች በእንጅባራ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነው። የሰባት ቤት አገው ልጆች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው ይሰለፋሉ፤ ሽማግሌው ከወጣቱ ጋር ይጋልባል፤ ተመልካቹም የዓድዋን ዘመቻና ስለ አገራቸው የወደቁትን አባቶች ያስባል። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ ይነገራል፤ ይህም ማለት አገራችን ገና በኢጣሊያ ወረራ ሥር ሳለች ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ጉልበቶች አብረው ይታያሉ፤ አንደኛው የፈረሱ ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ፈረሰኛውን በዚያ ቀንና በዚያ ስም የሚሰበስበው የእምነት ጉልበት ነው።

ከሜዳው ወደ አውራ ጎዳናው ብንመለስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፈረስ እናያለን። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በቡሬና በጥሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ የሚወጣው፤ ከዚያም አዲስ ቅዳምንና ዳንግላን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው የጭነት መኪና ጉልበቱ የሚነገረው በፈረስ ቍጥር ነው። ይህን አነጋገር ያስለመደው የስኮትላንዱ መሐንዲስ ጄምስ ዋት ነው። የእንፋሎት ሞተሩን ሊሸጥ በፈለገ ጊዜ ገዢው ሁሉ የሚያውቀው የፈረስን ጉልበት ስለ ነበረ፤ የማያውቁትን ነገር በሚያውቁት ለክቶ አቀረበላቸው። ዛሬ በብዙ አገሮች በሚሠራበት ልክ አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ክብደት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሜትር ከፍ የሚያደርግ ኀይል ነው። ሞተር ለአዊ አገር የቅርብ ዘመን እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን የዓባይንና የጣናን አገር የመረመረው በበቅሎና በእግር ነበር።

እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱ ጉልበቶች ልንናገር አስበናል። የመንግሥትን ታሪክ በብረት ሥራ መመሰል ለአንዳንድ አንባቢ ድፍረት ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ ነቢያትም ጠቢባንም ከሸክላ ሠሪውና ከአንጥረኛው ምሳሌ መውሰድን አልናቁም፤ የዘመናችን አንጥረኛ ደግሞ የጋራዡ መካኒክ ነው። ከእርሱ የምንማረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጉልበትን ከመጨመር ይልቅ ጉልበትን በልክ መያዝ የበለጠ ዕውቀት የሚጠይቅ መሆኑን ነው።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በእንጅባራ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር የሚሠራው ነዳጅን ከአየር ጋር አዋሕዶ በማቃጠል ስለሆነ፤ አየሩ በሳሳ መጠን እሳቱ ይደክማል። በመሆኑም በቆላ ሲጋልብ የነበረ ሞተር ደጋ ሲወጣ ከጉልበቱ ጥቂት የማይባለውን ያጣል፤ ሹፌሩም ማርሹን እያወረደ፤ ሸክሙን እየረገመ ዳገቱን ይገፋል። ጥፋቱ የሞተሩም የሹፌሩም አይደለም፤ የአየሩ መሳሳት ነው።

ለዚህ ችግር መላ ያገኘው አልፍሬድ ቡኺ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው። ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ሙቀትና ግፊት አለው፤ ይህም ጉልበት በከንቱ ወደ ሰማይ ይወጣል። ስለዚህ በጭሱ መንገድ ላይ አንድ መዘውር ቢቆምና ጭሱ ቢያሽከረክረው፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ላይ ያለ ሁለተኛ መዘውር ደግሞ ከውጭ ንጹሕ አየር እየሳበና እያመቀ ወደ ሲሊንደሩ ቢያስገባ፤ ሞተሩ በራሱ ትንፋሽ ራሱን ያበረታል ማለት ነው። ዛሬ ቱርቦ የምንለው ይህ ነው። በትንንሽ አውቶሞቢሎች ውስጥ ያለው የቱርቦ ዘንግ በአንድ ደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል።

ለደጋ ሰው የሚጠቅመው ማስረጃ ግን እ.ኤ.አ. በ1918 በአሜሪካ የተደረገው ፈተና ነው። ሳንፎርድ ሞስ የተባለው መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና አስጭኖ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አወጣ። በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ያ ሞተር በተራራው ላይ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦ በተገጠመለት ጊዜ ግን በዚያው በሳሳው አየር ውስጥ 356 ደረሰ። የጠፋው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ጥቂት ትርፍም ተገኘ።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በእጁ በገባ ጊዜ የሚመጣበት ፈተና ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጥቂት ብጨምርስ?» ይላል። ግፊቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ማድረስ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም፤ ጥቂት ብሎን የማዞር ጉዳይ ነው። አስተዋይ መካኒክ ግን አየር በተጨመረ ቍጥር ነዳጁም በልኩ መጨመር እንዳለበት ያውቃል። አየር ሲታመቅ ስለሚግል ወደ ሲሊንደሩ ከመግባቱ በፊት መቀዝቀዝ እንዳለበት፤ በቤንዚን ሞተርም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት መዘግየት እንዳለበት ያውቃል። ይህ ሁሉ ሳይደረግ ግፊቱ ብቻ ቢጨመር ነዳጁ ያለ ጊዜው ይነድዳል፤ ከውስጥ መዶሻ የሚመታ የሚመስል መንኳኳት ይሰማል። መንኳኳቱን ያልሰማ ሹፌር ለጥቂት ጊዜ በፍጥነቱ ይደሰታል፤ ከዚያ በኋላ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ፒስተኑም ይበሳል። ስለዚህ የቱርቦ ሠሪዎች አንዲት ትንሽ መዝጊያ አበጁ፤ ግፊቱ ከልኩ ባለፈ ጊዜ ትከፈትና የጭሱን ከፊል በሌላ መንገድ ወደ ውጭ ታሳልፈዋለች። ይህች መዝጊያ አንዲት የፈረስ ጉልበት እንኳ አትጨምርም፤ ነገር ግን እርሷ በሌለችበት ሞተሩ በገዛ ብርታቱ ይጠፋል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ታሪካችን እንመለስ። ነገሥታትም አየሩ የሚሳሳባቸው ከፍታ አላቸው። ሥልጣን ሲወጡት ዳገት ነው፤ በላዩም ሲቆሙ የሕዝብ ፈቃድ እንደ ደጋ አየር ይሳሳል። በዚህ ጊዜ ንጉሥ ሌላ ጉልበት ይፈልጋል፤ በቅርብ የሚያገኘውም ትልቁ ጉልበት ሃይማኖት ነው። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን የምንመርጠው ዘመን ከአዊ አገር አጠገብ የተፈጸሙ ብዙ ነገሮች ያሉበትን የ1590ዎቹንና የ1620ዎቹን ዓ.ም. መካከል ነው።

ያን ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ከግራኝ አሕመድ ጦርነት ቍስል ገና ደኅና አልሆነም ነበር፤ መኳንንቱም ዘውዱን እየተናጠቁ ንጉሥ ያነግሡና ንጉሥ ይሽሩ ነበር። በ1595 ዓ.ም. ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ወደ አገራችን ገባ። ይህ ሰው አማርኛና ግእዝ የተማረ፤ ትዕግሥት ያለው፤ ከመናገር ይልቅ ማድመጥን የሚያስቀድም ነበረ። ዐፄ ዘድንግል ትምህርቱን ሰምተው የሮማን ሃይማኖት ለመቀበል ወደዱ። ፓኤዝ ነገሩን በችኮላ እንዳይገልጡ መከራቸው፤ ንጉሡ ግን የቀዳሚት ሰንበትን አከባበር የሚለውጥ ዐዋጅ አወጡ። የዚህን ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለንጉሡ ከገባው መሐላ ፈቱት፤ ዐፄ ዘድንግልም በጥቅምት 1597 ዓ.ም. በባርቻ በጦር ሜዳ ወደቁ።

የዚህን የመሐላ መፈታት ክብደት የዛሬ አንባቢ በቀላሉ አይገምተው ይሆናል። በቀድሞው ሥርዓት ንጉሥንና ሕዝብን የሚያያይዘው መሐላ ነበር፤ መሐላውንም የሚያጸናው የጳጳሱ ግዝት ነው። ጳጳሱ «ፈትቻችኋለሁ» ባሉ ቀን ሠራዊቱ ያለ ኀፍረት ከንጉሡ ይለያል። እንግዲህ ሃይማኖት የመንግሥት ጉልበት ብቻ አልነበረችም፤ ጉልበቱን የምታሳጣውም እርስዋው ነበረች።

ሱስንዮስ የነገሡትም በዚሁ በጎጃም ምድር በተደረገ ጦርነት ነው። በመጋቢት 1599 ዓ.ም. በጎል ጦርነት ተቀናቃኛቸው ዐፄ ያዕቆብና አቡነ ጴጥሮስ በአንድ ቀን ሞቱ፤ ንጉሥና ጳጳስ በአንድ ሜዳ ላይ መውደቃቸው የዘመኑን ጠባይ በቂ አድርጎ ይነግረናል። ዐፄ ሱስንዮስ ብርቱ ተዋጊ ነበሩ፤ በአገው ምድርም ደጋግመው ዘምተዋል። ነገር ግን መኳንንቱን አንድ አድርጎ የሚይዝ ኀይል ያስፈልጋቸው ስለ ነበረ፤ ከእስፓንያ ንጉሥና ከሮማው ጳጳስ ጋር በደብዳቤ እየተገናኙ የወታደር እርዳታ ጠየቁ። ሃይማኖትና ፖለቲካ በዚህ ቦታ ተቋጠሩ። የንጉሡን የልብ እምነት እንመርምር አንልም፤ ያን የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነው። ጉዳዩ ግን የልብ ብቻ እንዳልነበረ ደብዳቤዎቹ ይመሰክራሉ።

ፓኤዝ በንጉሡ አጠገብ ዓመታት ቈየ። በሚያዝያ 1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ሲጓዝ የዓባይን ምንጭ በሰከላ፤ በግሽ ዓባይ፤ አየ፤ ይህም ስፍራ ከእንጅባራ ብዙ የማይርቅ ነው። ቤተ መንግሥት ሠራ፤ መጻሕፍት ተረጐመ፤ ከሊቃውንት ጋር ተከራከረ። ግፊቱን ጥቂት በጥቂት የሚጨምር መካኒክ ነበረ ብንል አንሳሳትም። ይሁን እንጂ በዚያም ዘመን ቢሆን ከውስጥ መንኳኳት ይሰማ ነበር። አቡነ ስምዖን ንጉሡን አወገዙ፤ የንጉሡ አማች ዮልዮስም ከጳጳሱ ጋር ዐመፀ፤ በግንቦት 1609 ዓ.ም. ሁለቱም በጦርነት ሞቱ። የቀዳሚት ሰንበት ዕረፍት በተከለከለ ጊዜ በቤጌምድር ዮናኤል ተነሣ፤ የአገው ጎረቤት በሆነው በዳሞትም ሕዝቡ ተነሣ፤ ከተነሡትም መካከል መነኮሳት ነበሩ። የጎጃም ገዥ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በጦር አጠፏቸው። ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. ሞተ፤ ንጉሡም በዚያው ዓመት የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጽ አስታወቁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሰው ሌላ ጠባይ ነበረው። አልፎንሶ ሜንዴዝ ከሮማ የፓትርያርክነት ማዕርግ ይዞ በ1617 ዓ.ም. ደረሰ። በየካቲት 1618 ዓ.ም. ንጉሡና መኳንንቱ በአደባባይ ለሮማ መታዘዛቸውን በመሐላ አጸኑ። ቀጥሎም ትእዛዙ በትእዛዝ ላይ ተደረበ፤ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፤ ካህናቱ እንደገና ክህነት ይቀበሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና ይባረኩ፤ የአጽዋማትና የበዓላት ቍጥር በሮማ አቈጣጠር ይሁን፤ ግዝረትም ይቅር ተባለ። ለገበሬው ይህ የመምህራን ክርክር አልነበረም። አባቱ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን እንዳልተባረከ ተቈጠረበት፤ ልጁ የተጠመቀው ጥምቀት ጥምቀት አይደለም ተባለበት። ብሎኑን ያዞረው እጅ ከውስጥ የሚነድደውን ነገር አላወቀም።

ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ። ንጉሡ አደጋውን አይተው ጥቂት እንዲላላላቸው ሜንዴዝን ለመኑ፤ አንዳንድ ነገር ተፈቀደ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በሰኔ 1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ ድል አደረጉ፤ በሜዳው ላይም 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ልጃቸው ፋሲለደስና መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መካከል እየመሩ፤ እነዚህ የወደቁት ባዕዳን ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸው እንደሆኑ አሳዩአቸው ይባላል። ዐፄ ሱስንዮስ በዚያው ወር የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለቀቁ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ዐረፉ። በታሪካችን ውስጥ ድል ያደረገ ንጉሥ በድሉ ማግሥት ዘውዱን የለቀቀበት እንዲህ ያለ ሌላ ጊዜ በቀላሉ አይገኝም። ሞተሩ ዳገቱን ወጣ፤ ዳገቱ ላይ ግን ተቃጠለ።

ጥፋቱም በዚያ አልቆመም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1626 ዓ.ም. ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ አገሪቱም ከአውሮፓ ለሚመጣ ሰው ሁሉ በሯን አጠበበች። ከሮማውያን ጋር በተደረገው ክርክር የተጫረው የትምህርት እሳት ደግሞ በራስዋ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀጠለ፤ የቅባት ትምህርት በጎጃም ሥር ሰደደ፤ ሌሎችም በየአገሩ በሌላ ስም ቆሙ፤ ይህም ልዩነት መኳንንቱ ለሚጣሉበት ሰበብ ሆነ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በግንቦት 1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ሰብስበው ክርክሩን በዐዋጅ ዘጉ። ነገር ግን በዚያው ዘመን የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ብዙዎች ተሰደዱ፤ ብዙዎችም ተዋጉ። ከውጭ የመጣ ሃይማኖት በዐዋጅ ሲገባ ያየነው ስብራት፤ የአገሩ ሃይማኖት በዐዋጅ ሲገባም ታየ። ስለዚህ ነገሩ የሮማ ወይም የእስክንድርያ ጉዳይ አይደለም፤ የልክ ጉዳይ ነው።

በዚህ ቦታ ምሳሌያችን የማይደርስበትን ነገር መናገር ይገባናል። ሞተር ሕሊና የለውም። የተሰበረ ፒስተን በሌላ ይተካል፤ በግድ የተጠመቀ ሰው ግን ቂሙን ለልጁ ያወርሳል። ደግሞም መካኒኩ ከሞተሩ ውጭ ቆሞ ይሠራል፤ ገዥ ግን ራሱ በሲሊንደሩ ውስጥ ነው፤ እሳቱ ሲበረታ አብሮ ይነድዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እምነት ለሌላ ነገር መሣሪያ እንዲሆን የተሰጠ አይደለም። የፓኤዝን ትዕግሥት ብናደንቅም፤ በትዕግሥትም ሆነ በችኮላ የንጉሡን ዙፋን በእምነት ለማጽናት የተደረገው ሥራ ፍጻሜው አንድ መሆኑን መካድ አንችልም።

ይህ ሁሉ የድሮ ነገር ነው እንዳይባል ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ልጅ ኢያሱ ከአልጋ ወራሽነት ሲሻሩ፤ የቀረበባቸው ዋና ክስ ወደ እስልምና ማዘንበል ነበር፤ መኳንንቱንም ከመሐላቸው የፈቱት አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ከአንድ ወር በኋላ በሰገሌ ጦርነት እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1597 ዓ.ም. ዘድንግልን የጣለው ቃል ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ እንደገና ሠራ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ሌላ ነገር ታየ። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ወጥተው ነበር፤ ሕዝቡን የሚያዝ ዐዋጅም የሚያስገድድ ዙፋንም አልነበረም። አየሩ ከምን ጊዜም ይልቅ የሳሳበት ሰዓት ነበረ። አቡነ ጴጥሮስ አርበኞቹን እንዲያወግዙ ተጠየቁ፤ እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን በአዲስ አበባ በጥይት ተደበደቡ። ከዚያ በኋላ የጎጃም አርበኞች አምስት ዓመት በዱር ቈዩ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ሲመጡ፤ የኢጣሊያ ጦር በየካቲት ወር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ወጣ። በእነዚያ ዓመታት እምነት ለሕዝቡ የሰጠው ጉልበት በማንም እጅ ያልተዞረ ጉልበት ነበረ። ቱርቦ ከሞተሩ ከራሱ ትንፋሽ እንደሚሠራ፤ ይህም ጉልበት የወጣው ከሕዝቡ ከራሱ መቃጠል ነው። የአዊ ፈረሰኞች ማኅበር በእነዚያ ዓመታት ተመሠረተ መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም እንላለን።

ከድል በኋላ ሕግ ይህን ነገር በጽሑፍ ሊይዘው ሞከረ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ126ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን መሆኗንና ንጉሠ ነገሥቱም ሁልጊዜ የዚህ እምነት ተከታይ እንደሚሆን ደነገገ። በ40ኛው አንቀጽ ደግሞ የማንኛውም ሃይማኖት ሥርዓት እንዳይከለከል አዝዞ፤ ለፖለቲካ ጥቅም እንዳይውል ግን ወሰነ። ሁለቱን አንቀጾች ጐን ለጐን ላነበበ ሰው ችግሩ ግልጽ ነው፤ ለሌሎች የተከለከለው ለዘውዱ ተፈቅዶ ነበር። በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞችና አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖች በአዲስ አበባ አደባባይ ተሰልፈው የሃይማኖት እኩልነትን ጠየቁ።

ደርግ መንግሥትንና ሃይማኖትን ለየሁ አለ። ነገር ግን ያው መንግሥት በ1968 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱትን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። እንግዲህ መለየት ማለት መተው እንጂ ብሎኑን ወደ ግራ ማዞር እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። በኀይል የሚያስገድድና በኀይል የሚከለክል ሁለቱም የያዙት አንድ መፍቻ ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፤ የመንግሥት ሃይማኖት እንደማይኖር፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገቡ ይናገራል። ይህ አንቀጽ ከላይ የጠቀስናት ትንሽ መዝጊያ ነው። ለመንግሥት ጉልበት አይጨምርለትም፤ ለሃይማኖትም ክብር አይጨምርላትም፤ ነገር ግን ሁለቱን ከመቃጠል ይጠብቃቸዋል። መዝጊያ ደግሞ በወረቀት ላይ ስለተሣለ ብቻ አይሠራም። በሐምሌ መጨረሻ 2010 ዓ.ም. በጅጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዚሁ በጎጃም፤ በሞጣ ከተማ፤ መስጊዶች ተቃጠሉ። ያቃጠሉት ሰዎች ከሱስንዮስ ዘመን የመጡ አይደሉም፤ ትምህርት ቤቶቻችን ያሳደጓቸው፤ ሹማምንቶቻችን የሚያስተዳድሯቸው የዘመናችን ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ነገራችን ለሹሙም ለመምህሩም ነው። ሹም በተቸገረ ጊዜ የእምነትን ስም ለመጥራት ይቸኩላል፤ የሚያጨበጭብለት ሕዝብ ወዲያው ይገኛልና። የሚሰማው ጭብጨባ ግን ምናልባት መንኳኳት ይሆናል፤ ይህን ለመለየት ጆሮ ያስፈልጋል። መምህርም ለተማሪው የወይና ደጋን ቀን ሲያስተምር፤ ማን ትክክል እንደ ነበረ ከመከራከር በፊት 8,000ው ሰው የማን ልጅ እንደ ነበረ ይጠይቀው። ካህኑና ሼኩም ዕውቀትና ምክር ለአገር መንፈግ አይገባቸውም፤ እውነትን ለገዥ መናገር ከጥንትም የእነርሱ ሥራ ነው፤ መሪውን መጨበጥ ግን የእነርሱ ሥራ አይደለም።

በሚመጣው ጥር 23 ቀን አንባቢያችን በእንጅባራ መንገድ ቢያልፍ ጥቂት ቆሞ ፈረሶቹን ይመልከት። ከሁሉ የሚፈጥነውን ፈረስ የሚጋልበው ሰው እጁ ሁልጊዜ በልጓሙ ላይ ነው። ጐኑን በአርጩሜ የሚደበድበው ብዙውን ጊዜ ፈረሱን የማያውቅ እንግዳ ነው።